የውሃ ጥራት መለኪያ ሴንሰሮች አያያዝና እንክብካቤ

የመጠጥ ውሃ ደኅንነት በዓይን በማየት ብቻ አይረጋገጥም። ጥርት ያለ የሚመስል ውሃ ጎጂ ንጥረ ነገር ሊይዝ ስለሚችል፣ የውሃ አገልግሎት ተቋማትና የጤና ባለሙያዎች በእጅ የሚያዙ የመለኪያ መሣሪያዎችን ይጠቀማሉ። የመሣሪያው ዋነኛ ክፍል ሴንሰሩ ነው። እንክብካቤ የተጓደለበት ሴንሰር ቁጥር ማሳየቱን ላያቆም ይችላል፤ የሚያሳየው ቁጥር ግን ከእውነቱ ይርቃል። ለምሳሌ የውሃው ፒኤች ከ8 በላይ ሲሆን ክሎሪን ጀርሞችን የመግደል አቅሙ ይቀንሳል። ሴንሰሩ ይህንኑ ውሃ 7 ነው ብሎ ካሳየ፣ በአግባቡ ያልታከመ ውሃ ለኅብረተሰቡ ሊሠራጭ ይችላል።

በመሆኑም መሣሪያውን የሚጠቀሙ አካላት የሚከተሉትን ተግባራት ሊያከናውኑ ይገባል።

1. የፒኤች ሴንሰር፦ ጫፉ ላይ ያለው ስስ መስታወት መድረቅ የለበትም። ከእያንዳንዱ ልኬት በኋላ በዲስቲልድ ውሃ ይታጠባል፤ እርጥበቱም ሳይታሽ በለስላሳ ወረቀት ይደርቃል። ከዚያም አምራቹ በሚያዝዘው ማቆያ ፈሳሽ፣ በአብዛኛው በ3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ፣ እንደረጠበ ይቀመጣል። በዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ማቆየት ሴንሰሩን ስለሚጎዳ ሊደረግ አይገባም።

2. የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ሴንሰር፦ ከታጠበ በኋላ ደርቆ ሊቀመጥ ይችላል። ኖራ መሰል ቅርፊት ከያዘ ለአጭር ጊዜ በአቼቶ ተዘፍዝፎ በንጹህ ውሃ በሚገባ ይታጠባል።

3. የድፍርስነት መለኪያ፦ በናሙና ጠርሙሱ ላይ የሚቀር የጣት አሻራ፣ ጭረት ወይም በውሃው ውስጥ ያለ የአየር አረፋ ውጤቱን ያዛባል። ጠርሙሱ ከአፉ አካባቢ ብቻ ይያዛል፤ የተጫረም ይተካል።

4. የፍሎራይድ ሴንሰር፦ ፍሎራይድ በሚበዛባቸው የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። የዓለም ጤና ድርጅት የመመሪያ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም በመሆኑ፣ አነስተኛ ስሕተት እንኳ የውሳኔ ለውጥ ያስከትላል። ናሙናውም ሆነ ማነጻጸሪያው ፈሳሽ በፕላስቲክ ዕቃ ይያዛል።

የልኬት ማረጋገጫ (ካሊብሬሽን)

ሴንሰሩ መጠኑ አስቀድሞ በታወቀ ፈሳሽ መፈተሽ ይኖርበታል። ለፒኤች በቅድሚያ 7፣ ቀጥሎም እንደሚለካው ውሃ ሁኔታ 4 ወይም 10 ያላቸው ፈሳሾች ያገለግላሉ። የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበትን ፈሳሽ መጠቀምም ሆነ ያገለገለውን ወደ ጠርሙሱ መመለስ አይገባም። ከጽዳት በኋላም ንባቡ የማይረጋ ወይም ማረጋገጫውን የማያልፍ ሴንሰር ሊተካ ይገባል።

ማረጋገጫው የተካሄደበት ቀን፣ የተገኘው ንባብና የባለሙያው ስም በመዝገብ ይሠፍራል። ተገልጋዮችም የውሃ ምርመራ ውጤት ሲቀበሉ፣ መሣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ የተረጋገጠበትን ቀን ቢጠይቁ ውጤቱ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ለመገንዘብ ይረዳቸዋል።