ሃይማኖትና መንግሥት ሲለያዩ ሙስሊሙ ምን አገኘ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

«ሴኩላር» የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙ ወንድሞችና እህቶች ሃይማኖትን ከሕይወት ማስወጣት ይመስላቸዋል። በአገራችን ታሪክ ግን ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ ብለው አደባባይ የወጡት ሙስሊሞች ራሳቸው ነበሩ።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደነገገ። ሙስሊሙ ግብር ከፋይ ሆኖ ሳለ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እየተባለ እንደ እንግዳ ይጠራ ነበር። የቃዲ ፍርድ ቤቶች በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 62 ቢታወቁም፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሸሪዓ ቦታ አልሰጠም። ፍርድ ቤቶቹ ሥራቸውን ቢቀጥሉም በጠራ ሕግ ላይ የቆሙ አልነበሩም።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ ተደረገ። ብዙ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ተሰለፉ። ከጥያቄዎቹ መካከል የሃይማኖትና የመንግሥት መለያየት፣ የዒድ በዓላት መከበርና «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ተብሎ መጠራት ይገኙ ነበር። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ዒደል ፈጥር፣ ዒደል አድሐና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። ይሁን እንጂ የደርግ ርዕዮተ ዓለም ውሎ አድሮ በሃይማኖት ሁሉ ላይ ፊቱን አዞረ። እኩልነት ያለ ነፃነት ሙሉ እንደማይሆን ያን ጊዜ ታየ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ መንግሥት በሃይማኖት፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገቡ ደነገገ። አንቀጽ 34 በበኩሉ፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ፣ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በሩን ከፈተ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን አጠናከረ።

እንግዲህ አደራው የእኛ ነው። አንደኛ፣ አንቀጽ 11 በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር መጠበቅ ያስፈልጋል። በ2004 ዓ.ም. ሙስሊሞች መንግሥት በመጅሊስ ጉዳይ ጣልቃ ገብቷል ብለው ድምፃቸውን ሲያሰሙ የጠቀሱት ይህንኑ አንቀጽ ነበር። ሁለተኛ፣ ፈቃድ የተባለው እውነተኛ ፈቃድ ይሁን። በቃዲ ፊት የምትቀርብ እህታችን ምርጫዋን አውቃ፣ ማንም ሳያስገድዳት ልትወስን ይገባል። ከመንግሥት ነፃነትን የጠየቀ ጀመዓ በቤቱ ሊነፍገው አይገባም።

አላህ መብታችንን የምናውቅ፣ የሌላውንም መብት የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።