ከሆርሞን የተወሰዱ ፔፕታይዶች ለማስታወስና ለድብርት ምን ያህል ይረዳሉ?

ከአንጎል ሥር የምትገኘው ፒቱታሪ ዕጢ መጠኗ የአተር ፍሬ ያህል ነው። ከምታመነጫቸው ሆርሞኖች አንዱ፣ ኤሲቲኤች፣ 39 አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ ተሰክተው የሚሠሩት ፔፕታይድ ነው። የታወቀው ሥራው ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የተሰኘውን የውጥረት ሆርሞን እንዲያመነጩ ማዘዝ ነው።

ተግባሩ በዚህ እንደማያበቃ ያሳዩት ኔዘርላንዳዊው ተመራማሪ ዴቪድ ደ ዊድ ናቸው። ፒቱታሪያቸው የወጣ አይጦች፣ ምልክት ሲሰጣቸው ከኤሌክትሪክ ንዝረት መሸሽን ለመማር ይቸገሩ ነበር። ኤሲቲኤች ሲወጉ የመማር ችሎታቸው ተመለሰ። ይበልጥ አስገራሚው ተከታዩ ግኝት ነው፤ ከሆርሞኑ 4ኛው እስከ 10ኛው ያሉት ሰባት አሚኖ አሲዶች ብቻቸውን ሲሰጡም ውጤቱ ተመሳሳይ ሆነ። ይህ ቁርጥራጭ ኮርቲሶል የማስመንጨት አቅም የለውም ለማለት ያስደፍራል። ስለዚህ ለውጡ የመጣው በኮርቲሶል በኩል አልነበረም። ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያደርገው ቫሶፕሬሲንም አይጦቹ የተማሩትን ለረጅም ጊዜ እንዲይዙ ሲያግዝ ታየ።

በሰው ላይ ነገሩ እንዲህ ቀላል አልሆነም። ከዚሁ ቁርጥራጭ ተሻሽሎ የተሠራው ኦርግ 2766 በአረጋውያን ላይ ቢሞከርም የመርሳት ችግርን የሚያቃልል አስተማማኝ ውጤት አላስገኘም። ፔፕታይዶቹ የሚነኩት ትኩረትን እንጂ ትውስታን ራሱን አይደለም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ እንቅልፍ የጠገበ ተማሪም በደንብ ያጠናል፣ የማስታወስ ችሎታው ተለወጠ ግን አይባልም።

በድብርትም ተስፋው ትልቅ ነበር። ከባድ ድብርት ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ኮርቲሶላቸው ከፍ ያለ ነው። በ1981 ዋይሊ ቬልና ባልደረቦቻቸው ኤሲቲኤችን ራሱን የሚያዝዘውን፣ 41 አሚኖ አሲዶች ያሉትን ሲአርኤች ለይተው አወቁ። ይህን ትእዛዝ የሚያግዱ መድኃኒቶች ድብርትን ይፈውሳሉ ተብሎ ቢጠበቅም አብዛኞቹ ሙከራዎች መድኃኒት ከሌለው ክኒን የተሻለ ውጤት አላሳዩም። ድብርት በአንድ ሆርሞን መብዛት ብቻ የሚገለጽ ሕመም አይደለምና።

ሌላው እንቅፋት ማድረሻው ነው። ፔፕታይድ ሲዋጥ እንደ ምግብ ይፈጫል፤ በደም ሥር ሲገባም አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይበታተናል፤ ደምን ከአንጎል የሚለየው አጥርም በቀላሉ አያሳልፈውም። ከኤሲቲኤች ቁርጥራጭ የተሠራው የሩሲያው ሴማክስ በአፍንጫ ጠብታ የሚሰጠው ከዚህ የተነሳ ነው። በሩሲያ ለአንጎል ደም መርጋት ሕክምና ቢውልም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ አላጸደቀውም።

እንዲህ ያሉ ፔፕታይዶች ዛሬ «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸው በኢንተርኔት ይሸጣሉ። በብልቃጡ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነና መጠኑ ስንት እንደሆነ ገዢው የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። በእነርሱ ተማምኖ የታዘዘለትን የድብርት መድኃኒት በድንገት ያቋረጠ ታካሚም ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል።