ማደሪያ የሌለው ወንዝ፤ በጀልባ ላይ መኖር የት ይቻላል?

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላል የአገራችን ተረት። አባባሉ የሚነገረው ለራሱ መጠጊያ ሳይኖረው ሌላውን አስከትሎ ለሚዞር ሰው ቢሆንም የወንዙን ጠባይ በትክክል ይገልጻል። በሌላው ዓለም ጀልባቸውን ጸጥ ባለ ወንዝ ዳር አስረው፣ አልጋና ምድጃ ዘርግተው ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አሉ። የብዙ ወንዞች ባለቤት በሆነችው ኢትዮጵያ ግን ይህ ኑሮ አልተለመደም። ለምን?

መልሱ በምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር፣ የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ ከሆነችው አርብ ገበያ አካባቢ በግልጽ ይታያል። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሕዝብ በአብዛኛው የሚኖረው ደጋውና ወይና ደጋው ላይ ነው። ወንዞቹ ግን በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ይወርዳሉ። በሽሎ ደቡብ ጎንደርን ከደቡብ ወሎ ለይቶ ዓባይ ይገባል፤ ዓባይ ደግሞ አገሩን ከጎጃም ይለየዋል። በዚህ አካባቢ ወንዝ መንገድ ሳይሆን ድንበር ነው።

የጀልባ ቤት ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል። አንደኛው ዝግ ያለ ፍሰት ነው። ዓባይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ጣና ተነስቶ ሱዳን ድንበር ሲደርስ 500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህ ቁልቁለት ውሃውን ፏፏቴና ፍጥጥ ያለ ጅረት ያደርገዋል። ሁለተኛው እምብዛም የማይዋዥቅ የውሃ ከፍታ ነው። በሽሎን የመሳሰሉ ገባሮች በበጋ በእግር የሚሻገሯቸው ሲሆኑ፣ በክረምት ግን ግንድ እያንከባለሉ ይወርዳሉ። ሦስተኛው መንገድና ገበያ የሚቀርበው ዳርቻ ነው። የሸለቆው ወለል በአንጻሩ ሙቀትና ወባ የበዛበት በመሆኑ ሰው ርቆ ይሰፍራል።

በእንግሊዝ የጀልባ ኑሮ የተስፋፋው ሦስቱም በመሟላታቸው ነው። በሰው እጅ የተቆፈሩት ቦዮች ከፍታቸው በውሃ በሮች ይጠበቃል፤ ሁለት ሜትር ያህል ብቻ ስፋት ያላቸው ረጃጅም ጀልባዎች ይኖሩባቸዋል። ቋሚ ማሰሪያ ቦታ የሌለው ባለጀልባ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት፣ በቂ ምክንያት ከሌለው በስተቀር በአንድ ስፍራ ከ14 ቀን በላይ ሊቆይ አይችልም። በአምስተርዳም ደግሞ 2,500 ገደማ የጀልባ ቤቶች አሉ።

ዓባይን በጀልባ የሞከሩት ግን በወንዙ ላይ መኖር ሳይሆን በሕይወት ማለፍ ነበር ጭንቀታቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዛዊው ሻምበል ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የተመራው ጉዞ የሽፍታ ጥቃት ገጥሞታል፤ አንድ አባሉም ሰጥሞ ሞቷል። ከምንጩ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ያለውን ጉዞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የፈጸሙት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። 114 ቀናት ፈጅቶባቸዋል።

ለአካባቢው ነዋሪ ጥያቄው ሁልጊዜም መሻገር ነው። በአፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራውና እስቴን ከሞጣ ያገናኝ የነበረው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከተሰበረ በኋላ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ሰዎች በገመድ እየተጎተቱ ክፍተቱን ያልፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ በብረት ተያይዞ የነበረ ቢሆንም በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ከፍ ብሎ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

በአገራችን ለጀልባ ኑሮ የቀረቡ ውሃዎች ሌሎች ናቸው። የባሮ ወንዝ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ጋምቤላ እየገቡ ቡና ይጭኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ስምምነት ለእንግሊዞች የተከራየው የጋምቤላ ወደብ ውል ያበቃው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ነው። በጣናም ከባሕር ዳር ጎርጎራ የምትመላለሰው ጀልባ ለብዙ ዓመታት ተሳፋሪዎቿን ቁንዝላ አሳድራ በማግስቱ ጉዞዋን ትቀጥል ነበር። የጣና ታንኳ ግን ቤት አይሆንም፤ የተሠራበት ደንገል ውሃ ስለሚመጥ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ መድረቅ አለበት።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ ዓባይን አሳድሮታል። ንጋት ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የመያዝ አቅም አለው። ሆኖም የሐይቁ ከፍታ በየወቅቱ ስለሚለዋወጥ፣ ጀልባ አስሮ ለመኖር ከውሃው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ተንሳፋፊ መድረክ ያስፈልጋል።

ዓባይ ከታች ማደሪያ አግኝቷል። ከላይ፣ በስማዳና በእስቴ በኩል፣ አሁንም እንደ ጥንቱ ይወርዳል። ክረምት በመጣ ቁጥር ገበያው፣ ዘመዱና ሐኪሙ ከማዶ ለሚቀሩበት ገበሬ ከጀልባ በፊት የሚቀድመው ድልድይ ነው።