ከጅዳ ዳርቻ እስከ መካ ተራሮች፦ ባሕራን ያቋረጠው ጥንታዊ የእግር መንገድ

ባሕራ ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው አሮጌ መንገድ ላይ፣ ከሁለቱ ከተሞች አጋማሽ ገደማ የምትገኝ ከተማ ናት። በዛሬው ዘመን መኪና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አልፏት ይሄዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ የጀመረው የሐረመይን ፈጣን ባቡርም ጉዞውን ይበልጥ አሳጥሮታል። ለዘመናት የታወቀችው ግን በእግረኞችና በግመል መንገደኞች ማረፊያነቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ1814 ሒጃዝን የጎበኘው የስዊዝ ተወላጅ ዮሐን ሉድቪግ ቡርክሃርት እንደመዘገበው፣ ከጅዳ የሚነሡ ቅፍለቶች ሌሊት ይጓዙና ቀኑን በባሕራ ወይም በአጎራባቿ በሐዳ አርፈው፣ አጭሩን መንገድ በሁለት ሌሊት ይጨርሱት ነበር።

የመንገዱ መነሻ የወደብ ለውጥ ነው። በቀደመው ዘመን የመካ ወደብ ከጅዳ በስተ ደቡብ የሚገኘው ሹዐይባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የቁረይሾችን በደል የሸሹ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ነጃሺ አገር፣ ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ከዚያ ተሳፍረው ነው። ከስደተኞቹ መካከል ዑስማን ቢን ዐፋንና ባለቤታቸው የነቢዩ ልጅ ሩቅያ ይገኙበታል። እኒሁ ዑስማን ኸሊፋ በሆኑ ጊዜ፣ በ26ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ የመካ ወደብ ወደ ጅዳ እንዲዛወር አዘዙ። በስደት ዘመናቸው የተሳፈሩበትን ወደብ በሥልጣን ዘመናቸው ራሳቸው መለወጣቸው ትኩረት የሚስብ ነው። ከዚያ ወዲህ ከባሕር የመጣ ሑጃጅ ሁሉ ዋና መተላለፊያው ጅዳና ባሕራ ሆኑ።

የጥንቱ መንገደኛ ጅዳን የሚለቀው በምሥራቅ በኩል ባለው ባብ መካ፣ ማለትም በመካ በር ነበር። የከተማዋ ግንብ እ.ኤ.አ. በ1947 ቢፈርስም የበሩ ስም አልጠፋም፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 የአልበለድን ሠፈር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ «ታሪካዊቷ ጅዳ፣ የመካ በር» ብሎታል።

ባሕራ በዘመናዊው ታሪክም ስሟ ይነሣል። ጅዳ ገና ተከባ ሳለች፣ የነጅድ ሡልጣን የነበሩት ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ሱዑድ ከእንግሊዙ ልዑክ ከሰር ጊልበርት ክሌይተን ጋር በዚሁ አካባቢ ተደራደሩ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1925፣ ስለ ኢራቅና ነጅድ ጎሣዎች የባሕራ ስምምነት ተፈረመ፤ በማግሥቱም የነጅድና የትራንስ ዮርዳኖስ ወሰን የተወሰነበት የሐዳ ስምምነት ተከተለ። ጅዳ በታኅሣሥ እጇን ሰጠች።

ከባሕራ ወደ መካ ሲታለፍ ሹመይሲ ይደረሳል። ይህ እ.ኤ.አ. በ628 ውል የተፈጸመበት የሑደይቢያ ስፍራ ሲሆን የሐረም ወሰንም እዚሁ አካባቢ ነው። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ከዚህ ወሰን አያልፍም፤ የእግር ጉዞ ፍላጎቱን በጅዳ ኮርኒሽና በአልበለድ መንገዶች ማርካት ይችላል። በሐጅ ወቅት ደግሞ ሙስሊም ነዋሪም ቢሆን ከመካ የተሰጠ ኢቃማ ወይም ፈቃድ ከሌለው ከኬላ ይመለሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ያለ ፈቃድ ሐጅ ለመፈጸም የሞከረ ሰው እስከ 20 ሺህ ሪያል እንደሚቀጣ ተደንግጎ ነበር። የአንድ ሠራተኛ የብዙ ወራት ደመወዝ ነውና ቀላል አይደለም።

ሜዳውን ሞተር ቢወስደውም ተራሮቹ ዛሬም የእግር ናቸው። ከመስጂደል ሐራም በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለው ጀበል ኑር ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ610 ለነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የመጀመሪያው ወሕይ የወረደበት ሒራ ዋሻ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የምትይዝ ጠባብ ናት፤ ወደ እርሷ ለመግባት ጫፉ ላይ ከተወጣ በኋላ በሌላኛው በኩል ጥቂት መውረድ ያስፈልጋል። ከእግሩ ሥር እ.ኤ.አ. በ2023 የሒራ የባህል ሠፈር ተከፍቷል። በስተ ደቡብ ያለው ጀበል ሠውር ከፍታውም አቀበቱም ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ622 ነቢዩና አቡበክር ወደ መዲና ሲሰደዱ ሦስት ሌሊት የተሸሸጉበት ዋሻ በእርሱ ላይ ነው። ሁለቱንም መውጣት ከሐጅም ሆነ ከዑምራ ሥርዓት ውስጥ የሚቆጠር አይደለም።

የአቀበቱ ዋና አደጋ ሙቀት ነው። የሥራ ሕጉ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት፣ በፀሐይ ላይ ማሠራትን ይከለክላል፤ በእነዚህ ሰዓታት ጥላ የሌለውን ድንጋያማ ተራራ መውጣትም አይመከርም። ልማዱ ከንጋት በፊት መነሣት ነው፤ ውኃ ከሥር ይያዛል፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበትም ሐኪሙን ሳያማክር አይወጣም።