የመነጠል ጭንቀት፦ ብቻውን ሲቀር የሚጮኸው ቡችላ ምን ነካው?

በመርካቶ ዙሪያ፣ ከሰባተኛ እስከ ጎጃም በረንዳ ባሉት መንደሮች፣ ብዙው ቤት ግድግዳ የሚጋራ ነው። አንድ ቤት የቀረ ቡችላ ሲጮህ ጎረቤቱ በሙሉ ይሰማዋል። ነጋዴው ማለዳ የቆርቆሮ በሩን ቆልፎ ወደ ተራው ይወርዳል፤ ቡችላው ቁልፉ ገና ሲንቀጫቀጭ ይጀምራል፤ ማታ ስሞታው በር ላይ ይጠብቃል። ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ምክንያቶች አንዱን ይሰጣል፦ ወይ «ጎበዝ ጠባቂ ነው» ይላል፣ ወይ «እልኸኛ ነው» ብሎ ዱላ ያነሳል። የእንስሳት ባሕርይ ባለሙያዎች ግን ሦስተኛ ምክንያት ያውቃሉ፤ በእንግሊዝኛ «ሴፓሬሽን አንዛይቲ» ይሉታል። በአማርኛ «የመነጠል ጭንቀት» ቢባል ይስማማዋል። ውሻ ከተጣበቀበት ሰው ሲለይ የሚይዘው፣ ሰውየው እስኪመለስ ወይም ውሻው እስኪደክም የማይለቀው ፍርሃት ማለት ነው።

ሌሎች አማራጮችም አሉ። «የመለየት ጭንቀት» ቢባል መለየት አንዱን ከሌላው አውቆ መምረጥም ስለሆነ ያደናግራል። «የብቸኝነት ጭንቀት» ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን ይህ ጭንቀት የያዘው ውሻ አጠገቡ ሌላ ውሻ እያለም ሊጮህ ስለሚችል የነገሩን ሥር ይስታል። ብዙውን ጊዜ የጎደለበት የውሻ ጓደኛ ሳይሆን ሰው ነው። «ናፍቆት» ደግሞ ቆዝሞ መቀመጥንም ይጨምራል፤ ይህ ግን በር የሚያስቧጭር ድንጋጤ ነው። መነጠል ከሚጠጉት ተቆርጦ መቅረት ስለሆነ የደረሰውን ነገር በትክክል ይናገራል። «ጭንቀት» የሚለውም ለማሳመር የገባ አይደለም፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ክሎሚፕራሚን የተባለውን መድኃኒት ለዚሁ ችግር ሲፈቅድ ጉዳዩ የጠባይ ብልሹነት ሳይሆን የጤና ጉዳይ መሆኑን መቀበሉ ነበር።

ውሻ በእርግጥ ከሰው ጋር እንዲህ ይጣበቃል? ማስረጃው ከሕፃናት ጥናት የመጣ ነው። ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በኡጋንዳ እናቶችና ጨቅላዎችን ስትከታተል ቆይታ፣ በኋላ አሜሪካ ውስጥ አንድ መፈተኛ ቀየሰች፦ እናት ልጇን በማያውቀው ክፍል ከማያውቃት ሴት ጋር ትታ ትወጣለች፣ ትመለሳለች፤ ልጁ ሲለያትና ሲያገኛት የሚያደርገው ይመዘገባል። የቡዳፔስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ይህንኑ ፈተና በ51 ውሾችና ባለቤቶቻቸው ላይ ሞከሩት። ውሾቹ ባለቤታቸው ሲኖር ይበልጥ ይጫወታሉ፣ ክፍሉን ያስሳሉ፤ ሲወጣ በር ሥር ይቆማሉ፤ ሲመለስ ከእንግዳው ይልቅ እሱን ሮጠው ይቀበላሉ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ብሂል ውለታውን ብቻ ያያል፤ ጥናቱ ግን ከእንጀራው ባሻገር ለሰውየው ያለውን ቁርኝት ያሳያል። ቁርኝት ካለ መነጠልም ያስጨንቃል፤ በተለይ ከእናቱ ገና የተለየና ብቻውን ማደርን ያልለመደ ቡችላን።

እዚህ ላይ የመርካቶ ሰው ተገቢ ጥያቄ አለው፦ ውሻ ካልጮኸ ለምን ይያዛል? ሱቅና መጋዘን ባለበት ሰፈር ጩኸት የውሻ ሥራ ነው። እውነት ነው፤ ግን ጩኸት ሁሉ አንድ አይደለም። ሶፊያ ዪንና ብሬንዳ ማኮዋን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት ከ10 ውሾች የተቀዱ ከ4,600 በላይ ጩኸቶችን መርምረው ነበር። ደወል ተደውሎ እንግዳ ሲመጣ የሚሰማው ጩኸት ወፍራምና ሻካራ ነው፤ ውሻው ለብቻው ሲዘጋበት የሚያሰማው ግን ቀጭን ነው፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ለነጋዴው ልዩነቱ ጥቅም አለው። ቀኑን ሙሉ ያለ ምክንያት የሚጮኽ ውሻ ሌባ በመጣበት ሰዓት ቢጮኽም ማንም ከአልጋው አይነሳለትም። መለያው ቀላል ነው፤ ስልክ እየቀዳ ቤት ውስጥ ትቶ መውጣት ነው። ጩኸቱ በወጡ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከጀመረ፣ ቡችላው በሩን ከቧጨረ፣ ለሃጩን ካዝረበረበ፣ ሌላ ጊዜ የሚሻማበትን አጥንት ሳይነካ ከተወ፣ የመነጠል ጭንቀት ሊሆን ይችላል። አላፊ አግዳሚ በሰማ ቁጥር ብቻ ከጮኸ ግን ጠባቂነት ነው። በአጭር ሰንሰለት ስለታሰረ፣ ስለራበው ወይም ስለበረደው የሚጮኽም አለ፤ እሱን ሁሉ በዚህ ስም መጥራት ቃሉን ማባከን ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ «አንድ ጊዜ በደንብ ቢገረፍ ይተዋል፤ ጥፋቱንም ያውቃል፣ ስመለስ አንገቱን ይደፋል» የሚለው ነው። ተመራማሪዋ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንን አንገት መድፋት መርምራ ነበር። ውሾቹ አንገት የደፉት ባለቤታቸው ሲቆጣ እንጂ ሲያጠፉ አልነበረም፤ ምንም ያላጠፋውም ሲቆጡት ጥፋተኛ መሰለ። የሚገረፈው ቡችላ እንግዲህ ማታ የሚማረው ነገር ቢኖር የሰው መመለስም እንደ መሄዱ የሚያስፈራ መሆኑን ነው። ነገ ሲቀር በአንድ ፍርሃት ላይ ሁለተኛ ይደረብበታል።

መፍትሔው ፍርሃቱን ከመነሻው ማለዘብ ነው። ቡችላው የሚደነግጠው በሩ ሲዘጋ ብቻ አይደለም፤ ጫማ ሲደረግ፣ ቁልፍ ሲነሳ ያውቀዋል። ስለዚህ ቁልፉን አንስቶ ተመልሶ መቀመጥ፣ ይህንንም ቁልፉ ምንም ትርጉም እስኪያጣ መደጋገም ነው። ቀጥሎ በሩን ዘግቶ ለአምስት ሰከንድ ወጥቶ መመለስ፤ ከዚያ አሥር፣ ሠላሳ ሰከንድ፣ ሁለት ደቂቃ እያሉ ማስረዘም። ዋናው ብልሃት ከመጮኹ በፊት መመለስ ነው፤ ከጮኸ ጊዜው በዝቶበታልና በሚቀጥለው ማሳጠር ያስፈልጋል። ሲወጡና ሲገቡ መሰናበቱንና መሳሳሙን ቀለል ማድረግ፣ ከመውጣት በፊት በደንብ ማንሸራሸር፣ ሥጋ የቀረበት አጥንት ትቶ መሄድም ያግዛል። ልምምዱ እስኪሠራ ቡችላውን ብቻውን ለረጅም ሰዓት አለመተው ግድ ነው፤ ማለዳ የተገነባውን የቀኑ ጩኸት ያፈርሰዋል። በዚህ ካልተሻለው የእንስሳት ሐኪም ያየዋል፤ ከፋርማሲ የሰው ክኒን ገዝቶ መስጠት ግን ሊገድለው ይችላል።

የመጨረሻው መቃወሚያ ከባዱ ነው፦ ሰው በተቸገረበት ከተማ የውሻ ጭንቀት ማስታመም ቅንጦት አይደለም? ማለዳ ወጥቶ ማታ ለሚገባ ነጋዴስ ጊዜው ከየት ይመጣል? የሚረበሸው ጎረቤት ግን ሰው ነው። ጩኸቱ አማሮት ባለቤቱ መንገድ ላይ የሚጥለው ቡችላ ሳይከተብ ያድጋል፤ በኢትዮጵያ ሰው በእብድ ውሻ በሽታ የሚያዘው ደግሞ በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ነው። ጊዜ የሌለው ነጋዴም ሌላ መንገድ አለው፤ ቡችላውን ቀን ቀን ወደ ሱቁ ይዞ መሄድ ወይም ቤት ለሚውል ዘመድና ጎረቤት መተው ይችላል። ይህም ካልሆነ ጥያቄው ቡችላው ከመገዛቱ በፊት መነሳት አለበት፦ ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማነው? መልሱ «ማንም» ከሆነ፣ ብቻውን መዋል የለመደ አዋቂ ውሻ መፈለግ ወይም ጥበቃውን ለዘበኛ መተው ለነጋዴውም ለጎረቤቱም ይሻላል።