ድመቷ፣ ነፍሰ ጡሯ እና የቱኒስ ቤተ ሙከራ



ባለፈው ረጀብ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ወደ እኛ መጣ። ሚስቱ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ ቤታቸው ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደጓት ድመት አለች። ጎረቤቶች «ድመት ባለበት ቤት ፅንስ አይጸናም፣ በጆንያ አድርጋችሁ ገበያ ጣሏት» ብለዋቸዋል። «ኡስታዝ፣ ብንጥላት ወንጀል አለብን?» አለን። እኛም የአቡ ቀታዳን ሐዲሥ ጠቅሰን «ድመት ነጃሳ አይደለችም፣ ምንም ችግር የለውም፣ ተዋት» ብለን ሸኘነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ሚስቱ ለክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ ነርሷ «የድመት ሰገራ እንዳትነኪ» ብላታለች። «እናንተ ችግር የለውም አላችሁ፣ እሷ አለው አለች። የቱን ልያዝ?»

አፈርን። ስለ ጤና ለተጠየቅነው የጦሃራ ምዕራፍ ገልጠን ነበር የመለስነው። ከዚያ ወዲህ ኪታቦቻችንን መለስ ብለን አየን፣ ከጀመዓችን አንድ ሐኪም ወንድማችንንም ጠየቅን፣ ስለ በሽታው ታሪክም አነበብን። ያገኘነው ይህ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሐዲሡ እንጀምር። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ወደ ልጃቸው ሚስት ወደ ከብሻ ቢንት ከዕብ ቤት ገቡ። ለዉዱእ ውሃ ቀዳችላቸው። ድመት መጥታ ልትጠጣ ስትል ዕቃውን አዘንብለው እስክትጠጣ ጠበቋት። ከብሻ ተገርማ ስታያቸው የወንድማቸው ልጅ ብለው ጠርተው፣ ተገረምሽ ወይ አሏትና የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች፣ በዙሪያችን ከሚመላለሱት መሆኗን መናገራቸውን ነገሯት። አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚ፣ ነሳኢ እና ኢብኑ ማጃህ ዘግበውታል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሐዲሡ የመጣው ስለ ድመቷ አፍና ስለ ተረፈ ውሃዋ ነው። ስለ ሰገራዋ አይደለም። የአራቱ መዝሀብ ዑለማዎች የድመትን ሰገራ ነጃሳ ብለውታል። በተረፈ ውሃዋ ላይ እንኳ ሐነፊዮች ሌላ ውሃ እያለ በሱ ዉዱእ ማድረግን ቀለል ባለ ደረጃ ይጠላሉ። ያ ወጣት ሲጠይቀን እኛ የሐዲሡን ግማሽ ይዘን የፊቅሁን ግማሽ ረሳን። አደጋው ያለው ደግሞ ልክ የረሳነው ግማሽ ላይ ነበር።

በዚያው ልክ ድመትን የመበደል ጉዳይ ቀላል አይደለም። ድመት አስራ፣ ሳታበላት፣ የምድር ነፍሳት እንድትለቃቅም እንኳ ሳትለቃት የገደለችው ሴት በርሷ ሰበብ መቀጣቷን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በሰው እጅ ያደገችን ድመት በጆንያ ወስዶ ውሾች በሚውሉበት ገበያ መጣል ከዚህ ምን ያህል እንደሚርቅ እያንዳንዱ ራሱን ይጠይቅ። የቀደሙት ሙስሊሞች እንዴት እንዳዩት ከካይሮ አንድ ምሳሌ አለ። ከ1260 እስከ 1277 የገዙት የመምሉኮች ሱልጣን ዟሂር በይበርስ በመስጂዳቸው አቅራቢያ አንድ የአትክልት ቦታ ለድመቶች መኖ ወቅፍ አድርገው ነበር። በ1830ዎቹ ካይሮ የነበረው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሌን ቦታው ተሸጦ ተለዋውጦ ገቢው ጥቂት ሳንቲም ቢሆንም፣ ቃዲው ከዐስር በኋላ በፍርድ ቤቱ ግቢ ለድመቶች ምግብ ማስበተኑን እንዳላቋረጠ ጽፏል። ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ማለት ነው። (በየስልኩ የሚዞረው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለተኛች ድመት እጅጌያቸውን ቆረጡ የሚለው ታሪክ ግን በታወቁት የሐዲሥ ኪታቦች የለም። ደጋግመን ስለምናየው ነው ያነሳነው።)

አሁን ወደ ነርሷ ንግግር እንምጣ። ታሪኩ የሚጀምረው እዚሁ አህጉራችን ላይ፣ በሙስሊሞች ከተማ በቱኒስ ነው። በ1908 በቱኒስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ሻርል ኒኮል እና ሉዊ ማንሶ ሌላ በሽታ ሲያጠኑ፣ ጉንዲ በምትባል የሰሜን አፍሪካ ዓይጠ መሰል እንስሳ አካል ውስጥ የማያውቁት ጥገኛ ተውሳክ አገኙ። በዚያው ዓመት ብራዚል ውስጥ አልፎንሶ ስፕሌንዶሬ ጥንቸል ውስጥ አየው። ቅርጹ እንደ ቀስት ስለጎበጠ «ቶክሶፕላዝማ» አሉት። ሁለተኛ ስሙ «ጎንዲ» የጉንዲ ስም ተሳስቶ የተጻፈ ነው፣ ስህተቱም እስከ ዛሬ ጸንቶ ቀረ።

ለሠላሳ ዓመት ያህል ይህ ነገር የእንስሳት ጉዳይ ይመስል ነበር። በ1923 ፕራግ ውስጥ ዮሴፍ ያንኩ የተባለ የዓይን ሐኪም ጭንቅላቱ ውሃ የቋጠረ የ11 ወር ሕፃን ዓይን ውስጥ ተውሳኩን ቢያይም ምንነቱ በወቅቱ አልታወቀም። ከዚያ በ1938 ኒውዮርክ ውስጥ አንዲት ሕፃን በቀዶ ሕክምና ተወለደች። በሦስተኛ ቀኗ መንቀጥቀጥ ጀመራት፣ በአንድ ወሯ ሞተች። ቮልፍ፣ ካውን እና ፔጅ የተባሉ ሐኪሞች መርምረው ተውሳኩን በአንጎሏ አገኙት። ከእናቷ ማህፀን ይዛው መጥታ ነበር። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ነፍሰ ጡር እናቶች ዛሬ የሚሰሙት ማስጠንቀቂያ በነዚህ ሕፃናት ዋጋ የተገኘ ነው፤ የፈረንጅ ወሬ ብለን የምናልፈው አይደለም።

ልብ በሉ፣ እስካሁን ድመት አልተነሳችም። መጀመሪያ የተከሰሰው ሥጋ ነው። በ1965 በፈረንሳይ ዴሞንና ባልደረቦቹ በፓሪስ አንድ የሕፃናት ማገገሚያ ውስጥ በደንብ ያልበሰለ ሥጋ ይሰጣቸው የነበሩ ልጆችን አጠኑ። ከመቶ 10 የነበረው ዓመታዊ የመያዝ መጠን ለብ ለብ ያለ የበሬና የፈረስ ሥጋ ሲበሉ ወደ 50፣ ለብ ለብ ያለ የበግ ሥጋ ሲጨመርበት ወደ 100 ወጣ። ግን ሥጋ የማይቀምሱ ሰዎችም ይያዙ ነበርና ጥያቄው አልተፈታም። በዚያው ዓመት ግላስጎው ውስጥ ዊሊያም ሃቺሰን የድመት ሰገራ በሽታውን እንደሚያስተላልፍ አሳየ። በ1969 እና 1970 የተለያዩ ተመራማሪዎች ተውሳኩ እንደ እንቁላል ያለ ዘሩን የሚጥለው በድመት ዘር አንጀት ውስጥ ብቻ እንደሆነ አረጋገጡ።

ይህ ሁሉ ቤታችን ውስጥ ምን ማለት ነው? ድመቷ ዘሩን የምትጥለው አብዛኛውን ጊዜ በሕይወቷ አንዴ፣ መጀመሪያ ስትያዝ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ነው። የምትያዘው አይጥና ወፍ በማደን ወይም ጥሬ ሥጋ በመብላት ነው። የወጣው ዘር ወዲያው አይጎዳም፣ ለመብሰል ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ በየቀኑ የሚጸዳ ሰገራ አደጋው በጣም ያንሳል። የሚያጸዳው ግን ባል ወይም ሌላ ሰው ይሁን። ሌላ ሰው ከጠፋ ነፍሰ ጡሯ ጓንት አድርጋ፣ ከዚያ እጇን በሳሙና ትታጠብ። የሰገራ ዕቃውን የፈላ ውሃ ማፍሰስ ይገድለዋል፣ በረኪና ግን አይገድለውም። ድመቷን ማቀፍና ማሻሸት፣ ፀጉሯም፣ ዋናው መንገድ አይደለም። በ2000 የታተመ በስድስት የአውሮፓ ከተሞች ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገ ጥናት ከኢንፌክሽኑ ከመቶ ከ30 እስከ 63ቱን በደንብ ካልበሰለ ወይም ሳይበስል ከተዘጋጀ ሥጋ ጋር፣ ከ6 እስከ 17ቱን ከአፈር ጋር ሲያያይዝ፣ ከድመት ጋር መኖርን ግን እንደ ምክንያት አላገኘውም።

ያን ወጣት «ሥጋስ?» ብለን ጠየቅነው። ሳቀ። ድመቷን ለመጣል ሲመካከሩ በሰነበቱበት ሳምንት የእህቱ ኒካሕ ነበር፣ ሚስቱ ክትፎ ለብ ለብ በልታለች። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ ነንና ይህን ደፍረን እንናገር፦ ለነፍሰ ጡር እህቶቻችን ክትፎው ከድመቷ ይልቅ ሊያሰጋን ይገባል። በዒድ አል-አድሓም እንዲሁ። በግና ፍየል ተውሳኩ በብዛት የሚገኝባቸው ናቸው። ሥጋ የሚከትፉት፣ ጨው በቃው ወይ ብለው ጥሬውን የሚቀምሱት ማን ናቸው? እናቶቻችንና ሚስቶቻችን። ያረገዘችዋን በዚያ ቀን ከመክተፊያው እናስነሳት። የሰላጣ ቅጠልና ቃሪያም በደንብ ይታጠብ፣ ድመት በምትጸዳዳበት ጓሮ ስትኮተኩት ጓንት ታድርግ።

አንድ ነገር ያረጋጋል። ከእርግዝና ብዙ ቀደም ብላ የተያዘች ሴት በአብዛኛው ሰውነቷ ፅንሱን ይከላከልለታል። የሚያሳስበው በእርግዝና ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ መያዝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ፅንሱ የመተላለፍ ዕድሉ ያነሰ ቢሆንም ጉዳቱ ይከብዳል። የደም ምርመራ አለ፣ ሐኪም ይጠየቅ።

ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ጉዳዩ ይለወጣል። ድመት ሙቀት ትወዳለች፣ አራስ ልጅ ደግሞ ፊቱ ላይ የተኛበትን ገፍቶ ማስነሳት አይችልም። ስለዚህ ሕፃኑ የተኛበት ክፍል በሩ ይዘጋ፣ ሁለቱን ብቻቸውን መተው አይገባም። የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይተላለፋልና የቤት ድመት ትከተብ። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በውሃና ሳሙና ታጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይኬድ። ልጁ መዳኽ ሲጀምር ደግሞ ዓይናችን ከቤቷ ድመት ይልቅ ደጃፍ ላይ ለግንባታ በተከመረው አሸዋ ላይ ይሁን። የሰፈሩ ድመት ሁሉ የሚጸዳዳው እዚያ ነው፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉም የሚጫወተው እዚያ ነው።

ወላሁ አዕለም።