ቀለህና ባለ እጁ

ስሙኝማ! ወሬው ከኦሜድላ ይነሣል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ድንበሩን ተሻገሩ። እንግሊዛዊው ዊንጌት የሚያዝዘው የጌዴዎን ጦርም ግመሎቹን በየዳገቱ እየገበረ ጎጃም ደጋ ላይ ብቅ አለ። ቡሬ ምሽግ ውስጥ የጣሊያኑ ኮሎኔል ናታሌ ተቀምጧል። በሰውም በመሣሪያም ይበልጣል። ይብለጥ እንጂ ልቡ አልጸናም፤ የአርበኛው ነገር እንቅልፍ ነሥቶታል። የካቲት 25 ምሽጉን ጥሎ በደብረ ማርቆስ መንገድ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ባለችበት በኩል ነጎደ። በሁለተኛው ቀን ደምበጫ አቅራቢያ ከኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ጋር ፊት ለፊት ተላተመ። ከወር በኋላ፣ መጋቢት 28፣ ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

የጦርነቱን ታሪክ የሚጽፉት ከዚህ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ይገሠግሳሉ። እኛ እዚሁ እንቅር፤ ጦሩ ሲሄድ የጥይቱ ናስ መሬት ላይ ቀርቷላ!

ተኩሶ ቀለሁን ጥሎ መሄድ ጥይት የተትረፈረፈው ጦር ወግ ነው። አርበኛው ግን ጎንበስ ብሎ ይለቅማል። ባሩድ ተጠቅጥቆበት፣ እርሳስ ተደፍኖበት ዳግም የተተኮሰ ቀለህ ነበር። ለዚህ ደግሞ ወፍራሙ የውጅግራ ጠመንጃ ቀለህ ይመች ነበር።

ፈረንጆቹም በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመድፍ ቀለህ እየቀረጹ የአበባ ማስቀመጫ ሠርተዋል። ቀለሁ ለፋብሪካ የሚመለስ የመንግሥት ንብረት ነበር፤ ወታደሩ ግን ማን ሊሰማው! የዘመተበትን ቦታና ዓመት፣ አንዳንዴም ስሙን ቀርጾበት ወደ ቤቱ ላከው። ዛሬ ሰብሳቢ ይሻማበታል።

በእኛ አገር ቀለህን ዕቃ የሚያደርገው ወታደሩ አይደለም፤ ናስ የሚያቀልጠው ባለ እጁ ነው። እሱ ደግሞ ስሙን አይጽፍም። ማንስ ይጽፍለታል? ማረሻው ሲዶለዱም ደጁን የሚጠናው ገበሬ፣ ዞር ሲል «ቡዳ ነው» ይለዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ቢያስነግሩም ምላስ አልታሰረም። ጋፋትን አስቡ። እዚያ ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሲያቀልጥ የነበረው የሚሲዮናዊው የዋልድማየር ስም በመጽሐፍ አለ፤ ከጎኑ ወናፍ የነፋው ኢትዮጵያዊ ስም የታለ? በእኔ አስተያየት ከናሱ ይልቅ የጠፋብን ይኸው ነው።

ስለዚህ ቀለህ የሚሰበስብ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ቂጡን ይይ። የፋብሪካው ምልክትና የተሠራበት ዓመት ብዙ ጊዜ እዚያ ተመትቷል። መሐሉ ላይ የመቺው ጠባሳ ካለና ጫፉ ባዶ ከሆነ ተተኩሷል። ጠባሳ ከሌለው ወይም ጫፉ ካልተከፈተ፣ እጁን ይሰብስብ! ከእርሻ መሐል የወጣ ያልፈነዳ ነገር ሰማንያ ዓመት ተቀበርኩ ብሎ አይራራም። ያንን ለፖሊስ ማመልከት ነው። ቀጥሎ ማን ሠራው፣ ከማን ተገዛ፣ ለምን አገለገለ ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ከዕቃው ጋር ጽፎ ያኑር። ይህን ሳይዝ የሚሰበስብ ቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ነው።

ቀለህ ከሰብሳቢ እጅ ውጪም ሥራ አለው፤ አዲስ አበባ እንጦጦ ግርጌ ሴቶች ከቀለጠ ቀለህ ዶቃ ጌጥ ሠርተዋል። በአገራችን ገጠር የመድፍ ቀለህ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ደወል መሆኑም ብርቅ አይደለም።

እስቲ አንድ ሰብሳቢ እንዲህ ያለ ደወል አየ እንበል። «አባባ፣ ይሽጡልኝ» ይላል ሽማግሌውን።

«ልጄ፣ ለምንህ ነው?»

«ቅርስ ነው፤ በመስታወት ሣጥን አኖረዋለሁ።»

«እና ተማሪውን በምን እንጥራው?»

ሰብሳቢው ፎቶ አንሥቶ፣ ቂጡ ላይ ያለውን ቁጥር ቀድቶ ቢሄድ አይከፋኝም።